ጎረቤትን ስለ መሰለል

በአሶሳ ዞን በሆሞሻ ወረዳ ቀርከሃ ብዙ ስለ ሆነ ብዙ ሰው ቤቱንም አጥሩንም በቀርከሃ ይሠራል። በቀርከሃም መካከል ለዓይን የሚበቃ ቀዳዳ አይጠፋም።

አንድ ገበሬ ፍየል ጠፋችበት እንበል። ጎረቤቱን ጠርጥሮ በሌሊት በቀዳዳው ቢመለከት ሥጋ ሲበስል አየ። ሌባውን ያገኘ መሰለው፤ ነገር ግን ሥጋው ከገበያ የተገዛ ሊሆን ይችላል። ያየው ነገር ጥርጣሬውን አበዛው እንጂ እውነቱን አላሳየውም። ይህን በመንደር ቢያወራ የንጹሕ ሰው ስም ይጠፋል፤ የጠፋ ስምም እንደ ጠፋ ፍየል በምትክ አይከፈልም።

በሆሞሻ ብዙው ሰው የእስልምና ሃይማኖት ተከታይ ነው። በቁርኣንም አል ሑጁራት በተባለው ምዕራፍ የሰውን ነውር መሰለል ተከልክሎአል። ስለዚሁ ነገር ሲተረክ፤ ኸሊፋው ዑመር በሌሊት ሲዘዋወሩ ከአንድ ቤት የዘፈን ድምፅ ሰምተው በግንብ ዘለው ገቡ፤ ባለቤቱንም ከመጠጥ ጋራ አግኝተው ገሠጹት። እርሱም፥ የእኔ ጥፋት አንድ ቢሆን የእርስዎ ሦስት ነው፤ ሰልለዋል፤ በበር ትተው በግንብ ገብተዋል፤ ፈቃድም አልጠየቁም ብሎ መለሰላቸው። ዑመርም ጥፋታቸውን አውቀው ይቅር ብለውት ሄዱ ይባላል።

በቀድሞው የኢትዮጵያ ሥርዐት ወንጀለኛው ሳይታወቅ ሲቀር የአገሩ ሰው ለአፈርሳታ ይሰበሰብ ነበር፤ ይህም አውጫጭኝ ይባላል። ሰውም ያየውንና የሰማውን በመሐላ ይናገር ነበር። በግልጽ ለመናገር የሚፈራው ለሽማግሎች በምስጢር ይነግር ነበር፤ እርሱም «ወፍ» ይባል ነበር። ነገር ግን ስሙ ስለማይገለጽ፥ ወፍ ሆኖ ጠላቱን በሐሰት ለመወንጀል ለሚፈልግ ሰው መንገዱ ክፍት ነበር።

በ1923 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት ሕግ ከፈቀደው በቀር የሰው ቤት እንዳይበረበር ከልክሎ ነበር። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 26 የሰውን የግል ሕይወት ይጠብቃል። ይሁን እንጂ ዝምታ ሁሉ መልካም አይደለም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ፥ በሞት ወይም በዕድሜ ልክ እስራት የሚያስቀጣ ወንጀል መሠራቱን እያወቀ ያለ በቂ ምክንያት የማይናገረውን ሰው ይቀጣል።

እንግዲህ በመንገድ ያዩትን ለሕግ መናገር፥ ኡኡታም ሲሰሙ ፈጥኖ መድረስ የጎረቤት ግዴታ ነው። በቀዳዳ ማየት ግን ወንጀልን ለማውጣት ሲባል ሌላ በደል መጨመር ነው። ፍየል የጠፋችበትም ሰው ጥርጣሬውን ለመንደር ሳይሆን ለሽማግሎች ወይም ለፖሊስ ያቅርብ።

ጥያቄ።
1. ገበሬው በቀዳዳው ያየው ነገር ስለ ምን ማስረጃ አልሆነም?
2. ዑመር ወደ ቤቱ ሲገቡ የሠሩት ሦስት ጥፋት ምንድር ነው?
3. ጎረቤት መናገር የሚገባው መቼ ነው?