በኮከብና በመሰላል የሚላክ ገንዘብ

ካዛንቺስ ውስጥ፣ ወደ ኡራኤል በሚወስደው መንገድ ዳር ካሉት ሱቆች በአንዱ፣ ባለቁልፍ ስልክ የያዘ ደንበኛ የዘይት ሒሳብ ሲከፍል ልብ ብላችሁ ተመልከቱ። ኮከብ 127 መሰላል ብሎ ይደውላል። ወዲያው በቁጥር የተደረደረ ዝርዝር ይመጣለታል። ገንዘብ መላክን ይመርጣል፤ የባለሱቁን ስልክና የብሩን መጠን ያስገባል፤ በመጨረሻም የሚስጥር ቁጥሩን ይጽፋል። ስልኩ ላይ ዳታ የለም፣ መተግበሪያም አልተጫነም። ታዲያ ገንዘቡ በምን በኩል ሄደ?

መንገዱ ዩኤስኤስዲ ይባላል። ደንበኛው የደወለው የቴሌብርን ቁጥር ነው፤ በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ይህ የሞባይል ገንዘብ አገልግሎት ስማርት ስልክ ለሌለው ሰው የሚደርሰው በዚህ መንገድ ነው። የስልክ ቀሪ ሒሳብ የምናይበት *804#ም፣ የንግድ ባንኩ *889#ም የሚሠሩት እንዲሁ ነው።

ኤስኤምኤስ እንደ ፖስታ ነው፤ ስልካችን ቢጠፋ መልእክቱ ማዕከል ላይ ቆይቶ ሲበራ ይደርሰናል። በዩኤስኤስዲ ግን ተቀምጦ የሚጠብቅ መልእክት የለም። ቁጥሩን ስንደውል ጥያቄያችን በቅርብ ባለው አንቴና በኩል ወደ ቴሌኮሙ ማዕከል ይሄዳል። የሚጓዘውም ኔትወርኩ ጥሪ ለማገናኘት በሚጠቀምበት የመቆጣጠሪያ መስመር ስለሆነ ኢንተርኔት አያስፈልገውም። ማዕከሉ ኮዱን አይቶ ጌትዌይ ለሚባለው አገናኝ ኮምፒውተር ያስረክባል፤ ጌትዌዩ ደግሞ የገንዘቡን መዝገብ ከያዘው ሲስተም ጋር ያገናኘናል። ከዚያ በኋላ እኛ እስክንጨርስ መስመሩ ክፍት ሆኖ ይቆያል። “1” ብለን ስንመልስ የምን 1 እንደሆነ የሚታወቀው በዚህ ምክንያት ነው። ይህ ክፍት ግንኙነት ሰሽን ይባላል።

መስመሩን ለረጅም ጊዜ ይዞ መቆየት ስለማይቻል፣ መልስ ስናዘገይ ሰሽኑ ይዘጋል። ቦታውም ጠባብ ነው። አንድ ገጽ የሚይዘው 160 ባይት ብቻ ነው፤ ይህም በላቲን ፊደል 182 ሆሄ ይሆናል። በግዕዝ ፊደል ሲጻፍ ግን እያንዳንዱ ሆሄ 2 ባይት ስለሚወስድ 80 ብቻ ይገባል፤ ቁጥሩና ክፍት ቦታውም ይቆጠራል። ስለዚህ የአማርኛ ዝርዝር የሚያዘጋጅ ሰው እያንዳንዱን ቃል መዝኖ ማስገባት አለበት።

ለተጠቃሚው ከሁሉ የሚበልጠው ቁም ነገር የሚከተለው ነው። የሚስጥር ቁጥራችንን ልከን ገጹ ድንገት ቢጠፋ የተቋረጠው ሰሽኑ ነው። ትእዛዙ ግን ቀድሞ መዝገቡ ዘንድ ደርሶ ገንዘቡ ተላልፎ ሊሆን ይችላል። ወይም ጨርሶ አልደረሰም። ስክሪኑ ሁለቱን አይለይልንም። ስለዚህ ቸኩለን ደግመን አንላክ፤ አስቀድመን የማረጋገጫውን ኤስኤምኤስ እንፈልግ፣ ካልመጣም ቀሪ ሒሳባችንን እንይ። እናትና አባቶቻችንን ቁጥሩን እንዴት እንደሚደውሉ ስናስተምር ይህንንም አብረን እናስተምራቸው፤ ያን ጊዜ ሒሳብ ለማየት ስልካቸውንና የሚስጥር ቁጥራቸውን ለሌላ ሰው መስጠት አያስፈልጋቸውም።