ስለ ሞተር ውሃ መጉደልና ከመጠን በላይ መሞቅ የተሰጠ ትምህርት

የመኪናም ሆነ የእርሻ ትራክተር ሞተር ነዳጅ ሲያቃጥል ብዙ ሙቀት ያመነጫል፤ ይህንንም ሙቀት ተሸክሞ ወደ ራዲያቶር የሚያደርሰው ውሃ ነው። ውሃው ከጎደለ ብረቱ ይጣመማል፤ በትንሽ ገንዘብ ይታደስ የነበረውም ሞተር በብዙ ገንዘብ እንኳ የማይድን ይሆናል። በደጋ አገር ጥንቃቄው ይበልጣል፤ በባሕር ጠረፍ በ100 ዲግሪ የሚፈላው ውሃ፥ በአዲስ አበባ ከፍታ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላልና። የራዲያቶሩ ክዳን ግፊትን አፍኖ ይህን መፍላት ያዘገያል፤ ስለዚህ የላላ ክዳን እንደ ቀላል ነገር አይታይ።

ሾፌሩ በየቀኑ ውሃ ሲጨምር ያየ ባለ መኪና ምክንያቱን እንደሚከተለው ያስመርምር።

፩ኛ/ ማታ ከሞተሩ ሥር ንጹሕ ካርቶን አንጥፎ፥ ጧት ጠብታው የወደቀበትን መመልከት፤ ከበላዩ ያለውን የጎማ ቱቦ፥ ማሰሪያውንና የውሃውን ፓምፕ መፈተሽ። የደረቀ ነጭ ወይም የዝገት ምልክት የሚያፈስሰውን ቦታ ያሳያል።

፪ኛ/ በውጭ ጠብታ ሳይታይ ውሃው ቢጎድል፥ የዘይቱን መለኪያ ዘንግ ማውጣት። ዘይቱ ወተት የተቀላቀለበት ቢመስል፥ ወይም ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ከጭስ ማውጫው ነጭ እንፋሎት ባያቋርጥ፥ የቴስታታው ጓርኒሲዮን ተቃጥሎ ይሆናል፤ እስኪጠገን ድረስ ሞተሩ አይነሣ።

፫ኛ/ ውሃው ሳይጎድል ቢሞቅ፥ የማራገቢያው ቺንጋ መላላቱን፥ የራዲያቶሩም ክንፎች በገለባና በአቧራ መደፈናቸውን መመርመር። በአውድማ አጠገብ የሚሠራ ትራክተር ለዚህ የተጋለጠ ነው።

ሞተሩ በመንገድ ቢፈላ፥ አጥፍቶ እስኪበርድ መታገሥ ይገባል። ትኩስ ክዳን መክፈት ፊትን ያቃጥላል፤ በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ማፍሰስም ብረቱን ሊሰነጥቀው ይችላል። ውሃ መጨመር እስከ ጋራዥ ያደርስ እንደ ሆነ ነው እንጂ፥ ሕመሙን አያድንም።