ሞግዚቷ የምትደውለው ለማን ነው?

የመጀመሪያ ልጄን የወለድኩ ጊዜ እናቴ ከደብረ ብርሃን መጥታ መኝታ ቤቱን ተረከበች። ባለቤቴ ፍራሽ ይዞ ሳሎን ገባ። ጠዋት ጠዋት በሩን ቀስ አድርጎ ያንኳኳል፤ «እንዴት አደራችሁ?» ይላል፤ ከገንፎው ቆሞ ይቀምስና ወደ ሥራው ይሄዳል። በገዛ ቤቱ አራስ ጠያቂ ሆኖ ከረመ። ማንም ክፉ አላሰበም፤ ወጉ ነው። ልጅቷ በ80 ቀኗ ክርስትና ተነሣች፣ እናቴ ወደ አገሯ ተመለሰች፣ እኔ በ91ኛው ቀን ቢሮ ገባሁ። ባለቤቴ ልጅቷን አንድም ቀን አጥቧት እንደማያውቅ ልብ ያልኩት ያን ጊዜ ነው።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ (ቁጥር 1156/2011) ለእናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ተከታታይ ቀን ከነደመወዙ ይሰጣል። ለአባት 3 ቀን። ሦስቱ ቀን በጉንና ቅቤውን ሲገዛ፣ ሆስፒታል ሲመላለስ ያልቃል፤ ልጅ መያዝ አይለመድበትም። ስለዚህ የባልሽን የዓመት ፈቃድ ቁጠሪ። አንድ ዓመት የሠራ ሰው 16 የሥራ ቀን አለው። ከዚያ ላይ አምስቱን አንቺ ሥራ በምትመለሺበት ሳምንት እንዲወስድ ገና ነፍሰ ጡር ሳለሽ ተነጋገሩ፤ ለአለቃውም ቀደም ብሎ ይንገር። ስትወልጂማ ቤቱ ሰው አያጣም። ሰው የሚጠፋው በሦስተኛው ወር ነው።

ብዙዎቻችን እገዛ የምንለው መላላክን ነው። «ስትመጣ ዳይፐር ይዘህ ና» ትይዋለሽ፣ ይዞ ይመጣል። ስንት እንደቀረ ያየሽው ግን አንቺ ነሽ፤ ቁጥሩ ልጅቷን እንደጠበባት ያወቅሽውም አንቺ። እሱ ተላከ እንጂ ሥራው ያንቺው ነው። አንዱን ሥራ ከነሐሳቡ አስረክቢው፤ ዳይፐሩን፣ ወይ የማታውን እጥበት። አንድ ቀን ሳያስበው ያልቅበት ይሆናል። ይለቅበት። ልጅቷ በጨርቅ ታድራለች፤ እኛስ በምን አደግን?

ከማስረከቡ ይልቅ ዝም ማለቱ ይከብዳል። አንድ ምሽት ባለቤቴ ዳይፐሩን የፊቱን ወደ ኋላ አድርጎ አሰረው። ከንፈሬን መጠጥኩና ከእጁ ነጠቅኩት፤ ሌላ ክፉ ቃል አልወጣኝም። አራት ወር ሙሉ ዳይፐር አልነካም። ያኮረፈ መስሎኝ ነበር፤ ለካ አፍሮ ነው። በሁለተኛው ልጅ እሱ ማጠብ ሲጀምር እኔ ወደ ኩሽና ዞር ማለት ለመድኩ።

ሌሊት ላይ «ጡት የለኝ፣ ምን ላድርግ?» የሚሉ ባሎች አሉ። ማስገሳት፣ መቀየር፣ እሹሩሩ ማለት ጡት አይጠይቅም። እኛ የተስማማነው፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ አጥብቼው እተኛለሁ፤ እስከ ሌሊቱ 7 ሰዓት ልጁ የእሱ ነው። ጠዋት ቢሮ ለሚገባ ሰው ያልተቆራረጠ እንቅልፍ ከአጥሚትም ይበልጣል። በመሃል ከራበው የታለበ የጡት ወተት አለ፤ ክፍል ውስጥ ለ4 ሰዓት ያህል፣ ፍሪጅ ውስጥ እስከ 4 ቀን ይቆያል። መብራት በሚጠፋበት ሰፈር ግን ፍሪጁን ብዙ አትመኚ።

ተኝተሽም፣ ታግዘሽም ሆድ መባሱና ማልቀሱ ከሁለት ሳምንት ካለፈ ግን ሐኪም ዘንድ ሂጂ፤ ያ በባል እገዛ ብቻ የሚድን አይደለም። ምልክቱን እሱም አስቀድሞ ይወቀው።

ሞግዚት ካለችሽ ደግሞ ስልኳን እዪ። ልጁን ሲያተኩሰው፣ ውሃ ሲጠፋ የምትደውለው ለማን ነው? የእኛዋ እኔን ከስብሰባ መሃል ትጠራኝ ነበር። ሁለት ቁጥር ጽፈን ፍሪጁ ላይ ለጠፍንላት፤ የእሱን ከላይ፣ የእኔን ከታች። «ጋሼን ማስቸገር ደስ አይለኝም» አለች። «እትዬን ማስቸገሩስ?» ብላት ሳቀች፤ መደወሏን ግን አላቆመችም። እሱ ራሱ «ከእንግዲህ መጀመሪያ ለእኔ ደውዪ» ሲላት ነው የተወችኝ። እንዲህ ያለውን ነገር ከእሱ አፍ ትስማው።

ክትባቱ በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት ነው። የ14 ሳምንቱ 98ኛው ቀን ላይ ይውላል፤ ፈቃድሽ ካለቀ ሳምንት ሆኖታል ማለት ነው። ገና ከመመለስሽ «ላስፈቅድ» ማለት ይከብዳል፤ ያን ቀን ለባልሽ ስጪው። የእኔው ጤና ጣቢያ አግዳሚ ላይ በእናቶች መሃል ብቻውን ወንድ ሆኖ ተራ ጠበቀ። ነርሷ «እናቱስ?» አለችው። «ሥራ ገብታለች።» ማታ የኩፍኙ 9 ወሩ ላይ እንደሆነ ነገረኝ። የክትባት ካርዱን ከመሳቢያው ፈልጌ አጣሁት፤ በራሱ ቦርሳ ውስጥ ከትቶታል።