«ቤት አለዎት ወይ?» ስለ አንድ ቃልና ስለ አንድ ቅጽ

የቤት እድሳት ድጋፍ የሚገባቸውን ምእመናን ለመለየት ወደ አንድ የገጠር አጥቢያ በወረድን ጊዜ ይዘነው ከሄድነው ቅጽ ላይ አራተኛው ጥያቄ «ቤት አለዎት ወይ?» የሚል ነበር። መልሱም «አለ» ወይም «የለም» ብቻ ነው። በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ግቢ ከመቃብር ቤቶች በአንዱ ውስጥ የሚኖሩ አረጋዊት እናት ይህን ሲጠየቁ ወደ ጉልላቱ ቀና ብለው «ምን ቤት አጣሁ ልጄ፤ ከእርሱ ቤት ነኝ» አሉን። መዝጋቢያችን «አለ» በሚለው ላይ ምልክት አደረገ። በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ግድግዳውም ያልተነካ ቤት ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ያገኘናቸው አባት ደግሞ «ቤት የለኝም፤ ቤቴ ተዘግቷል» አሉ። ባለቤታቸው ያረፉት በዚያው ዓመት በጾመ ፍልሰታ ነበር። በዝርዝሩ የእኚህ አባት ስም ገባ፤ የእናታችን ስም ቀረ።

ዝርዝሩ በሰበካ ጉባኤው ፊት ሲነበብ ስሕተቱን ያወቁት የአጥቢያው ካህናት ናቸው። ሁለቱም አረጋውያን አልዋሹም። የተሳሳተው ቅጹ ነው፤ ቅጹን ያዘጋጀነውም እኛ ነን። ስለዚህ በዚህ ዕትም የትምህርት ዓምድ ዕለት ዕለት እየጠራነው ሳንመረምረው የምናልፈውን ይህን ቃል ከጉባኤያችሁ ጋር ልንመለከተው ወደድን።

ቤት በግእዝም፣ በአማርኛም፣ በዕብራይስጥም ቤት ነው። ከጥንት ሴማውያን ፊደላት የሁለተኛው ፊደል ስም ነው፤ መልኩም ከቤት ሥዕል የተነሣ ነበር። ዳዊት የሚደግሙ ሁሉ በመዝሙር 118 ላይ አሌፍ ካለ በኋላ ቤት የሚለውን ርእስ ያውቁታል። በቅኔውም ስንኙ ቤት ይባላል፤ ጉባኤ ቃና 2 ቤት፣ ዘአምላኪየ 3 ቤት ነው። ይህን ያህል ስለ ቃሉ ጥንታዊነት ይበቃል። ለሥራችን የሚጠቅመው ሌላው ነገር ነው፤ ይኸውም ቃሉ ግድግዳንና ጣሪያን ብቻ ሳይሆን ሰውን መጥራቱ ነው።

በ2ኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 7 የተጻፈውን እናስታውስ። ንጉሥ ዳዊት እርሱ በዝግባ ቤት ተቀምጦ የእግዚአብሔር ታቦት በመጋረጃ ውስጥ መኖሩ ስለከበደው ቤት ሊሠራ አሰበ። በነቢዩ በናታን በኩል የመጣው መልስ ግን ነገሩን ገለበጠው፤ ቤት ሠሪ ለመሆን ያሰበው ንጉሥ ቤት የሚሠራለት ሆነ። ዳዊት ቤት ሲል ድንጋይና እንጨት ማለቱ ነበር። እግዚአብሔር ቤት ሲል ዘርን፣ ልጅንና የልጅ ልጅን ማለቱ ነበር። የሕንፃው ሥራ ለሰሎሞን ቆየ፤ የሰዎቹ ቤት ግን ከዚያ በፊት ተጀምሮ ነበር። በኦሪት ዘጸአትም የፈርዖንን ትእዛዝ ያልፈጸሙት አዋላጆች ዋጋቸው ቤት እንደ ነበረ እናነባለን፤ ይህም ቤተሰብ ማለት ነው። የፊልጵስዩስ ወኅኒ ጠባቂ ከቤቱ ጋር ተጠመቀ ስንል የተጠመቀው ምሰሶው አለመሆኑን ሕፃንም ያውቃል። በየሰበካው ከሚቀርቡልን የፕሮጀክት ጥያቄዎች ብዙዎቹ የሕንፃና የአጥር መሆናቸውን ስናይ ይህ ምዕራፍ ትዝ ይለናል። ሕንፃ አያስፈልግም አንልም፤ የናታን መልስ ግን ከዕቅዱ ጋር አብሮ ይነበብ።

አማርኛችንም ይህን መንገድ ተከትሏል። እንግዳ ከደጅ ቆሞ «ቤቶች!» ብሎ ሲጣራ የሚጠራው በውስጥ ያሉትን ሰዎች ነው፤ እነርሱም «ቤት ለእንግዳ» ብለው ይቀበሉታል። ባልም ሚስትም አንዱ ለሌላው ባለቤት ነው። የደጃፉ አባት «ቤቴ ተዘግቷል» ማለታቸው እንግዲህ ምሳሌ አይደለም፤ በቋንቋቸው ትክክለኛውን ነገር ነው የተናገሩት፤ ባለቤት የሞተበት ቤት ተዘግቷልና። ቤተኛ፣ ቤተ ዘመድ፣ ጎረቤት የሚሉትም ሁሉ ከሰው ጋር ያለንን ቅርበት የሚለኩ እንጂ ስለ ግንብ የሚናገሩ ቃላት አይደሉም።

ቤተሰብ የሚለውን ግን ጥቂት ቆም ብለን እንየው። ከግእዝ የመጣ ነው፤ ቤት አንድ፣ ሰብእ አንድ፤ የሰው ቤት ማለት ነው። በዛሬው አማርኛ «የሰው ቤት» ስንል ደግሞ ፍቺው ተቃራኒ ሆኖ እናገኘዋለን። «ልጄ ሰው ቤት ገባች» የምትል እናት ልጅዋ ለባዕድ ተቀጠረች ማለትዋ ነው። ሁለቱም አነጋገር ከቤትና ከሰው የተሠራ ሲሆን አንዱ የራስን፣ ሌላው የባዕድን ቤት ያመለክታል። ከዐረብ አገሮች የተመለሱ እኅቶች ስለኖሩበት ዘመን ሲጠየቁ ብዙ ጊዜ የሚሰጡት መልስ «ሰው ቤት ነበርኩ» የሚል ነው። በዚያ የነበሩበት ቤት ምናልባት እብነ በረድ የተነጠፈበት ሊሆን ይችላል። በዚያው በባዕድ ምድር ሳሉ የሚናፍቁትን ግን «አገር ቤት» ይሉታል፤ አገሩን በሙሉ አንድ ቤት አድርገው። ከተመለሱ በኋላ ከዘመድ ጋር ተጠግተው የሚኖሩት በጣሪያ ሥር ስላሉ በእኛ ቅጽ «ቤት አለ» ተብለው ይመዘገባሉ። እነርሱ ግን ዛሬም ያሉት ሰው ቤት ነው።

ከቤት ጋር የሚቀራረቡትም ቃላት እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ልክ አላቸው። ማደሪያ ከማደር ነው፤ የሚጠይቀው ሌሊቱን ብቻ ነው። መጠለያ ጥላን ያስባል፤ ከፀሐይና ከዝናብ ማምለጫ ነው፤ ዳስና ድንኳንም በዚሁ ወገን ናቸው። ጎጆ ትንሽ ቤት ቢሆንም «ጎጆ ወጡ» የተባሉ ሙሽሮች በቪላም ቢኖሩ ጎጆ ወጥተዋል። ቀዬ ደግሞ ቤቱን ከነማሳው፣ ከነጎረቤቱና ከነአጥቢያው ይይዛል፤ የተፈናቀለ ወገናችን «ቀዬዬ» ሲል ድንኳን ሰጥተን የምንተካለት ነገር አይደለም። ማኅደር ኀደረ ካለው ግሥ ወጥቶ ማደሪያ ማለት ሲሆን የብራና መጽሐፍ የሚከተትበትንም ቆዳ እንዲሁ እንጠራዋለን፤ ያደረበትን የሚጠብቅ ነውና።

እመቤት የሚለው ቃልስ እመ ቤት፣ የቤት እናት ማለት አይደለምን? ድንግል ማርያምን እመቤታችን እንላታለን። ነገር ግን ቤተ ልሔም፣ ማለትም የእንጀራ ቤት በተባለች ከተማ፣ በእንግዶች ማደሪያ ስፍራ አላገኘችም። ዛሬ በየቤተ ክርስቲያናችን ለቅዳሴ ኅብስቱ የሚዘጋጅበትን ቤት በዚያችው ከተማ ስም እንጠራዋለን። ከዚያች ቤተ ልሔም ጥቂት እርምጃ ራቅ ብሎ በመቃብር ቤት የሚያድር ሰው መኖሩን የአጥቢያው አገልጋዮች ከማንኛውም ባለሙያ በፊት ያውቃሉ።

የአብነት ተማሪዎችም ነገር ሌላ ነው። ቅኔ ቤት፣ ዜማ ቤት፣ መጽሐፍ ቤት ስንል ቤቱ መምህሩ ነው፤ ጉባኤው በዛፍ ጥላ ሥር ቢዘረጋም ቤት መባሉ አይቀርም፤ መምህሩ ወደ ሌላ ደብር ቢሄዱ ቤቱ አብሮ ይሄዳል። አንድ ተማሪ «ቤትህ የት ነው?» ቢባል የሚጠራው የመምህሩን ስም ወይም የትውልድ መንደሩን ነው፤ የሚያድርባትን የሣር ጎጆ አይደለም። ለተማሪዎች ማደሪያ ለመሥራት የምታስቡ ጉባኤያት ዕቅዱን ከመጻፋችሁ በፊት መምህሩ በዚያ ስፍራ የሚጸኑበትን ቀለብና ደመወዝ አስቡ።

ቤተ ክርስቲያን የሚለው ስም ሕንፃውንም፣ የምእመናንን አንድነትም፣ እያንዳንዱን ምእመንም እንደሚያመለክት ካህናቶቻችን ሲያስተምሩ የኖሩት ስለሆነ እዚህ አንደግመውም።

ቅጹን በሚመለከት አራተኛውን ጥያቄ ሰርዘነዋል። በምትኩ የገቡት ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው፦ ሌሊት የሚያድሩት የት ነው? ስፍራው የማን ነው? ክረምት ሲገባ ያፈስሳል ወይ? አብሮዎት የሚያድር ሰው አለ? ቢታመሙ በመጀመሪያ የሚሰማ ማን ነው? የመጨረሻዎቹ ሁለቱ በእድሳቱ በጀት የሚመለሱ አይደሉም፤ ለንስሐ አባትና ለአጥቢያው ማኅበራት የሚተላለፉ ናቸው። ስለሆነም ከቅጹ አንድ ግልባጭ በሰበካ ጉባኤው ጽሕፈት ቤት እንዲቀር እንጠይቃለን። የአባወራና የእማወራ መዝገባችሁንም በዚሁ መንገድ ብታስተካክሉት ለቀጣዩ ልየታ ይረዳናል።

ወደዚያ አጥቢያ በተመለስን ጊዜ ሚስት የሞቱባቸው አባት «አብሮዎት የሚያድር ሰው አለ?» ለሚለው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ የአጥቢያው ቄስም ስማቸውን በራሳቸው ደብተር ላይ ጻፉት። በመቃብር ቤት ያሉትን እናት «ቤቱ ያፈስሳል ወይ?» ብለን ጠየቅናቸው። «የእርሱስ አያፈስም» አሉ፤ «የእኔ ነው እንጂ»።