የሆድ ትልና የማዕድን እጥረት በመንዝ በግ ላይ

በቀየትና በአካባቢው ደጋ በግ ሰብል ሲጠፋ የሚሸጥ ጥሪት፣ ለባናና ለዝተት የሚሆን ጸጉርም ምንጭ ነው። በ1977 ዓ.ም. እንደ ደረሰው ያለ ድርቅ የሆድ ትልን በራሱ አያበዛም፤ እንዲያውም እጩ በደረቅ መሬት ላይ ይሞታል። ጉዳቱ የሚከፋው ዝናብ ተመልሶ የከሳው መንጋ በእርጥብ ሣር ላይ ሲሰማራ ነው።

እንስሳው ትልን ከሚቋቋምባቸው ኃይሎች ዋነኞቹ ነጭ የደም ሴሎች ሲሆኑ፣ እነርሱም ለመራባት ዚንክ፣ ሥራቸውን ለማከናወን መዳብና ሴሌኒየም፣ መጠኑ እጅግ ጥቂትም ቢሆን፣ ያስፈልጓቸዋል። የጨጓራ ትል ደግሞ ደም በመምጠጥ ብረትን ያሟጥጣል፤ የጨጓራውን አሲድ በማዳከምም መዳብ ወደ ሰውነት እንዳይዋሐድ ያሰናክላል። በመሆኑም እጥረቱ ትሉን፣ ትሉም እጥረቱን ያባብሳል።

አሞሌ ማላስ ጠቃሚ ቢሆንም የመዳብን እጥረት አይሸፍንም። ይሁን እንጂ በግ ከከብት ይልቅ በመዳብ ቶሎ ስለሚመረዝ፣ ለከብት የተዘጋጀ የማዕድን ድብልቅ ሊሰጠው አይገባም። የዐይኑ ቆብ ውስጡ የነጣ፣ ከመንጋጋው ሥር ያበጠ በግ ሲገኝም ከማዕድኑ በፊት የትል መድኃኒቱ ይቅደም።