የጎተራ እህልም ወጪ ነው

ጥያቄ፦ በጥር ልጄን እድራለሁ። እህሉ ከጎተራዬ፣ በሬው ከበረቴ ነው። ለቀረው ተበድሬ፣ እንግዳው በሚሰጠው ብር እከፍላለሁ። ያዋጣል? (ከቡሬ ዙሪያ)

መልስ፦ እንኳን ለዚህ አበቃዎ! በሬው የራስዎ ነው ማለት ግን ወጪ የለውም ማለት አይደለም። በሰኔ ጥማድ ቢጎድልብዎ መልሰው የሚገዙት በዚያን ጊዜ የገበያ ዋጋ ነው። ጤፉን፣ ለጠላ የሚሄደውን ዳጉሳና በቆሎ፣ ጌሾውን፣ በርበሬውን ሁሉ በቡሬ ወይም በፍኖተ ሰላም ገበያ ዋጋ ተምነው ይጻፉት። ከዚያ በፊት ግን ዘሩንና እስከ አዲስ እህል ድረስ የቤተሰቡን ቀለብ ለይተው ያስቀምጡ። በጥር ጎተራው ሙሉ ስለሆነ ክረምቱ አይታይም፤ ብዙ ቤት የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው።

የእንግዳውን ብር በገቢ አይቁጠሩት። ስጦታው በመዝገብ የሚሰፍረው ነገ ሰጪው ሲድር እርስዎም ስለሚመልሱ ነው። ብሩም የሚገባው ድግሱ ከተበላ በኋላ ነው፤ የብድሩ ወለድ ግን ከተበደሩበት ቀን ጀምሮ ይቆጥራል። አይበደሩ፤ እጅ ካጠረ የሚጠሩትን ሰው ይቀንሱ። ለመልሱ ድግስም ከወዲሁ ይመድቡ። የዳሱን ሥራና የእንጨቱን ፈለጣ ለጎረቤት ይተዉ፤ ድስትና ወንበሩን ኪራይ ከመጠየቅዎ በፊት ከእድርዎ ይጠይቁ።