እሑድ ተሠርቶ በሳምንቱ ለሚበላ እራት የትኛው የኩሽና ዕቃ ይጠቅማል?

 

በውስጥ መስመር በተደጋጋሚ የሚደርሰኝ ጥያቄ አለ። "ዶክተር፣ ከሥራ ስገባ መሽቷል፤ ልጆቹ ርቧቸዋል። እሑድ የሠራሁት ወጥ እስከ ዓርብ ይቆይልኛል? ምን ዓይነት ዕቃ ብገዛ ይሻለኛል?"

አጭሩ መልስ፦ ፍሪጅ ውስጥ እስከ ዓርብ አይቆይም፤ በአግባቡ ከተከፋፈለ ግን ሳምንቱን ሙሉ በሰላም መብላት ይቻላል። ዕቃን በተመለከተ ደግሞ ብዙዎቻችን ገንዘባችንን የምናወጣው ቶሎ ለሚያበስል ዕቃ ነው። ጤናችንን የሚጠብቀው ግን ምግቡን ቶሎ የሚያቀዘቅዘው ነው። ለምን? አብረን እንየው።

ችግሩ የሚጀምረው ከምድጃው ከወረደ በኋላ ነው

አንዳንድ ባክቴሪያዎች በመፍላት አይሞቱም። ክሎስትሪዲየም ፐርፍሪንጀንስ እና ባሲለስ ሴሪየስ የሚባሉት ሙቀት የሚቋቋም ዘር (ስፖር) አላቸው። ወጡ ሲንተከተክ ዘሩ ተደብቆ ይቆያል፤ ምግቡ ለብ ሲል ነቅቶ መራባት ይጀምራል። ባክቴሪያ በደንብ የሚራባው ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ውስጥ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም የበሰለ ምግብ በክፍል ሙቀት ከ2 ሰዓት በላይ እንዳይቆይ ይመክራል።

አሁን ትልቁን ድስት አስቡት። የሥጋ ወጥ ሞልቶበት፣ ተከድኖ፣ ምድጃው ላይ ያድራል። ጠዋት ስትነኩት መሐሉ ገና ለብ ያለ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ለባክቴሪያ የተመቸ ሙቀት ውስጥ አድሯል ማለት ነው።

"በደንብ አሙቄ ነው'ኮ የበላነው!" የሚል ብዙ ሰው አለ። ማሞቅ ባክቴሪያውን ሊገድል ይችላል። ነገር ግን በሩዝና በፓስታ ላይ የሚራባው ባሲለስ ሴሪየስ፣ እንዲሁም ከእጅ ወደ ምግብ የሚተላለፈው ስታፊሎኮከስ የሚያመነጩት መርዝ አለ። ይህ መርዝ በማፍላት አይጠፋም። ሽታውም ጣዕሙም ላይቀየር ስለሚችል "አሽትቼው ደህና ነው" ማለት ዋስትና አይሆንም።

ስለዚህ ከዕቃዎቹ የትኛው ምን ይሠራል?

1. ጠፍጠፍ ያሉ ክዳን ያላቸው ዕቃዎች
ከሁሉም በፊት እነዚህን ግዙ። የመስታወት ወይም ለምግብ የተሠራ ጠንካራ ፕላስቲክ ሊሆን ይችላል። ወጡን ስትገለብጡ ጥልቀቱ ከ5 ሳንቲሜትር ባይበልጥ ጥሩ ነው፤ ስስ ሆኖ የተቀመጠ ምግብ ቶሎ ይበርዳል። የበለጠ ለማፍጠን ድስቱን ቀዝቃዛ ውሃ ባለበት ሳፋ ውስጥ አስቀምጡና አማስሉት፤ ውሃው ሲሞቅ ቀይሩት። እንፋሎቱ በረድ ሲል ከፋፍላችሁ ፍሪጅ አስገቡ። "ፍሪጅ የሚገባው ፍጹም የቀዘቀዘ ብቻ ነው" ብላችሁ ሌሊቱን ውጭ አታሳድሩት። የአይስክሬም ባዶ ዕቃ ግን ለትኩስ ወጥም ሆነ ለማይክሮዌቭ አልተሠራም።

2. የፍሪጅ ቴርሞሜትር
ትንሽ ዕቃ ናት፤ ጥቅሟ ግን ትልቅ ነው። ፍሪጃችሁ "ይሠራል" ማለት በቂ ቅዝቃዜ አለው ማለት አይደለም። ውሃ ባለው ብርጭቆ ውስጥ አድርጋችሁ መካከለኛው መደርደሪያ ላይ አሳድሯት። ጠዋት ከ5 ዲግሪ በታች ማሳየት አለባት። ፍሪዘሩ ደግሞ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ መሆን ይኖርበታል። የትኩሳት መለኪያው ለዚህ አያገለግልም።

3. ፕሬዠር ኩከር
ለአዲስ አበባ ሰው በእርግጥ ጠቃሚ ነው። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ሽንብራና ቦሎቄ ጋዝ የሚጨርሱብን ለዚህ ነው። ፕሬዠር ኩከር እንፋሎቱን አፍኖ ሙቀቱን ከዚያ በላይ ያደርሰዋል።
• ከሁለት ሦስተኛው በላይ አትሙሉት፤ ጥራጥሬ ከሆነ ከግማሽ አይለፍ።
• የእንፋሎት መውጫው አለመደፈኑን፣ ጎማውም አለመሰንጠቁን ሁልጊዜ እዩ።
• እንፋሎቱ ሳይወጣ ክዳኑን በጉልበት አትክፈቱ። የሚያደርሰው ቃጠሎ ከባድ ነው። ሕፃናት በአካባቢው አይኑሩ።
• ቀይ ቦሎቄ በጥሬው ሆድ የሚያውክ መርዛማ ንጥረ ነገር አለው። ቢያንስ ለ5 ሰዓት ዘፍዝፋችሁ ውሃውን ድፉ፤ ከዚያ በአዲስ ውሃ በደንብ ይንተክተክ። በኤሌክትሪክ ድስቶች ላይ ያለው "ቀስ ብሎ ማብሰያ" ብቻውን ለቦሎቄ አይበቃም።

4. ብሌንደርና የሽንኩርት መፍጫ
እዚህ ላይ አንድ የማደንቀው ዘዴ አለ፦ ወጡን ሳይሆን ቁሌቱን አስቀድሞ መሥራት። ብዙ ሽንኩርት ፈጭታችሁ ቁሌቱን አብስሉ፤ አቀዝቅዛችሁ የአንድ የአንድ ቀን እያደረጋችሁ ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጡ። ማታ ምስር ወይም ሥጋ ስትጨምሩበት ትኩስ እራት ይደርሳል።

ማስጠንቀቂያ፦ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ፈጭቶ በዘይት ሸፍኖ ውጭ ማስቀመጥ የተለመደ ነው። ዘይቱ አየር ስለሚከለክል ቦቱሊዝም የሚባለውን ገዳይ መመረዝ የሚያመጣው ባክቴሪያ ሊያድግበት ይችላል። ፍሪጅ ውስጥ ከ4 ቀን በላይ አታቆዩት። ለረጅም ጊዜ ከፈለጋችሁ በበረዶ መሥሪያው እየከፈላችሁ ፍሪዘር ውስጥ አድርጉት።

5. ማይክሮዌቭ
ዳር ዳሩን አቃጥሎ መሐሉን ቀዝቃዛ ሊተው ይችላል። በግማሽ አውጥታችሁ አማስሉ፤ ሸፍናችሁ መልሱት። ምግቡ መሐሉም ጭምር ቢያንስ 70 ዲግሪ፣ ማለትም በደንብ እስኪተን መሞቅ አለበት። የምትበሉትን ያህል ብቻ አሙቁ። አንዴ ሞቆ የተረፈውን መልሶ ማሞቅ አይመከርም።

የሳምንቱ ዕቅድ

• እሑድ፦ አብስሉ፣ በ2 ሰዓት ውስጥ አቀዝቅዙና ከፋፍሉ። ፕላስተር ላይ ቀኑን ጽፋችሁ ለጥፉ።
• የሰኞ፣ የማክሰኞና የረቡዕ፦ ፍሪጅ ውስጥ። የበሰለ ምግብ ፍሪጅ ውስጥ ከ3 ቀን ባያልፍ ይመረጣል።
• የሐሙስና የዓርብ፦ እሑድ ዕለቱን ፍሪዘር ውስጥ። ረቡዕ ማታ የሐሙሱን፣ ሐሙስ ማታ የዓርቡን ወደ ፍሪጅ አውርዱ። ጠረጴዛ ላይ አውጥቶ ማቅለጥ ጥሩ አይደለም።
• ሽሮ፦ ቶሎ ስለሚደርስ የዕለት የዕለቱን ሥሩ።
• ጥሬ ሥጋ፦ ታች መደርደሪያ ላይ፣ በተከደነ ዕቃ፤ ውሃው በበሰለው ላይ እንዳይንጠባጠብ።

ነፍሰ ጡር ካለች የበለጠ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሊስቴሪያ የሚባለው ባክቴሪያ ፍሪጅ ውስጥም ቀስ እያለ ያድጋል፤ ለውርጃ ሊዳርግ ይችላል። እሷ የምትበላው ትኩስ ወይም በደንብ እስኪተን የሞቀ ይሁን።

መብራት ሲጠፋስ?

በሩን አትክፈቱ። የተዘጋ ፍሪጅ ለ4 ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል፤ የሞላ ፍሪዘር ለ48 ሰዓት፣ በግማሽ የሞላ ደግሞ ለ24 ሰዓት ገደማ። ቤት ሳትኖሩ መብራት ጠፍቶ እንደነበር ለማወቅ አንድ ቀላል ዘዴ አለ። ኩባያ ውሃ ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጡና በረዶ ሲሆን ሳንቲም አናቱ ላይ አድርጉ። ስትመለሱ ሳንቲሙ ወደ ውስጥ ሰምጦ ካገኛችሁት በረዶው ቀልጦ ነበር ማለት ነው። ያኔ ሥጋውንና ወጡን ቢያሳዝንም ጣሉት።

መቼ ወደ ሕክምና እንሂድ?

አብዛኛው የምግብ መመረዝ በአንድ ሁለት ቀን ይሻላል። ዋናው ነገር የወጣውን ፈሳሽ መተካት ነው። ኦ.አር.ኤስ ከፋርማሲ ገዝታችሁ ፓኬቱ ላይ በተጻፈው የንጹሕ ውሃ መጠን በጥብጡና ቶሎ ቶሎ፣ በትንሽ በትንሹ ስጡ። ጡት የሚጠባ ሕፃን ጡቱን አያቋርጥ። ያለ ሐኪም ትእዛዝ አንቲባዮቲክ አትጀምሩ፤ ለሕፃናትም ተቅማጥ ማቆሚያ አትስጡ።

የሚከተሉት ከታዩ ግን ቤት አትጠብቁ፦
• ደም የተቀላቀለበት ተቅማጥ
• የጠጡትን ሁሉ የሚያስወጣ ትውከት
• ከፍተኛ ትኩሳት
• ሽንት መቀነስ፣ የዓይን መሰርጎድ፣ የሕፃን መዛልና መፍዘዝ
• ብዥታ ወይም ሁለት ሁለት ሆኖ መታየት፣ የዓይን ቆብ መውደቅ፣ ለመዋጥ መቸገር። ይሄ የቦቱሊዝም ምልክት ሊሆን ስለሚችል በአስቸኳይ ወደ ድንገተኛ ክፍል!

በጀታችሁ ለአንድ ነገር ብቻ የሚበቃ ከሆነ ፕሬዠር ኩከሩ ይቆይ፤ ክዳን ያላቸውን ጠፍጣፋ ዕቃዎች ግዙ። ሳፋ እንደሆነ ሁላችንም ቤት አለ።

ጥያቄ ካላችሁ አስተያየት መስጫው ላይ ጻፉልኝ። ከሥራ እየሮጠች ገብታ እራት ለምታደርስ እህት፣ ለሚያደርስም ወንድም ሼር አድርጉላቸው።

ጤናችሁ ይብዛ!